የኤፍራታ ዳንጊሶ ቀሪ ሥራ

በሁለት ሺህ ሰባ ሦስት ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር ሁለተኛው ማክሰኞ፣ የኤፍራታ ዳንጊሶ ቀሪ ሥራ ተቆጥሮ አርባ አንድ ሆነ።

ቁጥሩን ያነበበችው የማዕከሉ አስተባባሪ ሜላት ናት። ርክክቡ የተደረገው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው የነዋሪ ሠዓሊያን ማዕከል፣ ፊርማ አዳራሽ በሚባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ነበር። ሌሎቹ ሰባት ሠዓሊዎች የየራሳቸውን ሰምተው ተቀምጠዋል። የአንዷ ስምንት መቶ ሰባ፣ የሌላው ከሺህ በላይ ሆኗል። ከሁሉም ወጣት የሆነው ሶፎንያስ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ደርሶት ተጨብጭቦለታል። የኤፍራታ ሲነበብ ግን ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ተመለከተ፣ አንዳንዱ ጫማውን አየ።

«አርባ አንድ ብቻ?» አለች ኤፍራታ።

«ቁጥሩ ስለ ዕድሜ አይናገርም» አለች ሜላት። ይህን ብዙ ጊዜ ተናግራው እንደምታውቅ ከአነጋገሯ ያስታውቃል። «የሚናገረው ስለ ሥራ ነው። ሰው በብዙ ምክንያት ብሩሽ ያስቀምጣል።»

ኤፍራታ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ይርጋለም ተወልዳ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ ታፔላ ስትሥል የኖረች ሴት ናት። የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ራስ፣ የጁስ ቤት ፓፓያ፣ የጎሚስታ ጎማ፤ ከይርጋለም እስከ ሻሸመኔ በእሷ እጅ ያልተሣለ በር ጥቂት ነበር። ኋላ ታፔላው ሁሉ ስክሪን ሆነ። በሁለት ሺህ ስድሳ አራት ዓ.ም. ደግሞ መንገድ የሚያየው ግድግዳ ላይ ያለ አደባባይ ፈቃድ መሣል ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሣለችው እቤቷ ውስጥ፣ ለራሷ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚያገኘው የማዕከሉን የሦስት ወር ቆይታ የፈጸመ ሠዓሊ ነው። ስድስት ጊዜ አመልክታ በሰባተኛው ተቀበሏት።

ማዕከሉ ለሠዓሊ የማይመች ቦታ አልነበረም። አልጋው ንጹሕ፣ ስቱዲዮው ሰፊ፣ ምግቡ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ነዋሪ በሩ የተዘጋ ነጭ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያሻውን ይሥላል። ቀዳሚ የሚባለው ማሽን ያነበዋል። ቀዳሚ በየክፍሉ ጣሪያ ላይ ካለች የአዝራር ያህል ጥቁር ነጥብ በቀር የሚታይ አካል የለውም፤ የት እንደሚቀመጥ የሚጠይቅም የለም። በስምንተኛው ቀን ንባቡን ይጨርስና ያ ሠዓሊ ከዚያች ቀን አንስቶ ብሩሽ እስኪያስቀምጥ ድረስ የሚሠራቸውን ሥዕሎች በሙሉ በተራ ቁጥር ያወጣቸዋል። ይህ ነው ቀሪ ሥራ የሚባለው። ታች ሕንፃ ያሉት የማሽን ክንዶች ሥዕሎቹን በእውነተኛ ሸራ ላይ፣ በእውነተኛ ቀለም ይሠሯቸዋል። ለሠዓሊው የሚቀረው መፈረም ነው።

ስለዚህ የነዋሪዎቹ ቀን የሚታወቅ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላል። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈረማል። ከምሳ በኋላ የሚተኛ ይተኛል፣ የሚዋኝ ይዋኛል፤ ከአዲስ አበባ እንግዳ ከመጣ ያስጎበኙታል። ሶፎንያስ ከግንቦት ወዲህ ብሩሽ አልጨበጠም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ ከኤፍራታ አጠገብ ተቀምጦ እንጀራ ፍርፍሩን እየበላ፣

«ትናንት ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላኝ» አላት።

«ሃያ ሰባት አይደለህ እንዴ?»

«በፊርማ ማለቴ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቴ ላይ ሰማያዊ አበዛለሁ፤ ከዚያ እተወዋለሁ። ጥሩ ነው፤ አይቼዋለሁ።»

ይህን ያለው በደስታም በሐዘንም አልነበረም። ነገ ዝናብ ይኖራል እንደሚል ሰው ነበር የተናገረው።

የኤፍራታ አርባ አንድ ሥዕሎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለነበር በአሥር ቀን አልቀው በስቱዲዮዋ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ከአንድ እስከ አርባ አንድ እየተራመደች አየቻቸው። የራሷ ናቸው። ቁጥር ስድስት የጎሚስታ ደጅ የቆመ የአህያ ጋሪ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በሐሳቧ ስታመላልሰው የነበረ፣ ለማንም ያልነገረችው ሥዕል ነው። የጋሪው ጥላ እንኳ እሷ ባሰበችው በኩል ወድቋል። አሥራ ዘጠነኛው የእናቷ እጅ ነው። ደግሞ ጥሩ ናቸው፤ ይህን መካድ አልቻለችም። አርባ አንደኛው ግራጫ ግድግዳ ነው፤ ታችኛው ጥግ ላይ አንድ መዳፍ የምታህል ቢጫ አለች፤ ሌላ ነገር የለበትም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የስቱዲዮው በር ነው።

ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የሰው ቤት ገብታ የገዛ ልብሷን ሌላ ሰው ለብሶት ያገኘች መሰላት።

በማግስቱ የፊርማ ሠራተኛው ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ዘረጋላት። «አሁን አልፈርምም» አለችው። መዝግቦ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሜላት ራሷ መጣች። ሜላት አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የምትቆረጥ፣ ስትናገር እጆቿን ኪሷ ውስጥ የምትከት ሴት ናት።

«ካልፈረሙ ፈቃዱ አይሰጥም» አለች።

«ከፈረምኩ በኋላስ? ጋሪውን እኔ ራሴ ብሠራው?»

«በዝርዝሩ ውስጥ ያለ ከሆነ ግልባጭ ነው የሚባለው። ለማሳየት አይፈቀድም።»

«የኔ ጋሪ ግልባጭ።»

ሜላት የመተዳደሪያውን ደንብ ከኪሷ አውጥታ አሥራ አራተኛውን አንቀጽ አሳየቻት። አንድ ነዋሪ በመዝጊያው ቀን በቀሪ ሥራው ውስጥ የማይገኝ አንድ ሥዕል ካቀረበ፣ ቀሪ ሥራው ይሰረዛል፤ ፈቃዱ ግን ይሰጠዋል።

«ይህን ያደረገ አለ?»

«በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ስድስት ሰው ሞክሯል» አለች ሜላት። «የሁሉም ተገኝቷል።»

ኤፍራታ ሃያ ሰባተኛ ሆነች።

መጀመሪያ ቀላል መስሏት ነበር። ከዚህ በፊት ሠርታው የማታውቀውን የሐይቅ ዳር ዝናብ ሠራች። ጥቁሩ ነጥብ ሥር አቁማ ጠየቀች። ትንፋሽ ወስዳ ሳትጨርስ ከጣሪያው ለስለስ ያለ ድምፅ፣ «ተገኝቷል፤ ቁጥር አሥራ ሁለት» አላት። ዞር ብላ አየችው። ዝናቡ እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ምን ጊዜም አጠገቡ እያለፈች አላስተዋለችውም።

በግራ እጇ ሣለች። ቁጥር ሃያ ዘጠኝ። ዓይኗን ጨፍና ሣለች። ቁጥር ሃያ ሦስት። አንድ ቀን በንዴት ጣሳውን አንሥታ ቀዩን ቀለም ሸራው ላይ ደፋችው፤ ብሩሹንም ወረወረችበት። «ተገኝቷል፤ ቁጥር ሠላሳ ሦስት» አለ ድምፁ። ሠላሳ ሦስተኛውን ሥዕል ከዚያ በፊት ምን እንደሆነ ገብቷት አያውቅም ነበር። ከላይ ወደ ታች የፈሰሰ ቀይ ነው፤ መሐሉ ላይ ብሩሽ ያረፈበት ምልክት አለ።

ያኔ ነው ፍርሃት የገባት። ከዚያ በኋላ ብሩሽ ባነሣች ቁጥር እጇ ይከብዳት ጀመር። አንድ ሥዕል ስትጨርስ ከአርባ አንዱ አንዱን የበላች ይመስላታል። ሰኔ ሲጋመስ ዘጠኝ ሠርታለች። ሶፎንያስ በስቱዲዮዋ በር በኩል ሲያልፍ ቆም ብሎ፣ «ለምን ራስዎን ያደክማሉ፣ እትዬ? ጥሩ ሥዕሎች እኮ ናቸው» ይላታል። ከልቡ ነው የሚላት።

ነገሩን የለወጠችው ምትኬ ናት። ምትኬ የማዕከሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የኤፍራታ እኩያ፣ ቤተሰቦቿ በሙሉ ዓሣ አስጋሪዎች የሆኑ፣ ያየችውን ሳትናገር የማታልፍ ሴት። አንድ ረቡዕ ምሳ ይዛ ስትገባ ኤፍራታ ጀልባ ውስጥ የቆመ፣ በእጁ ቆሮሶ ዓሣ የያዘ ሰው እየሣለች ነበር። ምትኬ ሳህኑን አስቀምጣ ሥዕሉን አየች።

«ይሄ ዓሣ ሞቷል» አለች።

«አልሞተም። አሁን ነው ከውሃ የወጣው።»

«ሞቷል አልኩሽ። ቆሮሶ አሁን ከወጣ የጀርባው እሾህ ይቆማል። ይሄ ተኝቷል። ሰውዬውም እንዲህ አድርጎ ከያዘው ይወጋዋል።»

«ሥዕል ነው እኮ፣ ምትኬ።»

«ሥዕልም ቢሆን ይወጋዋል።»

ኤፍራታ ተናደደች። ብሩሹን አንሥታ እሾኹን አቆመችው። ምትኬ እጁ አሁንም ልክ አይደለም አለች። ኤፍራታ፣ አንቺ ቁሚና አሳዪኝ አለቻት። ምትኬ ፎጣዋን ጠቅልላ እንደ ዓሣ ያዘችው። ኤፍራታ እሷ እንዳለቻት አላደረገችም፤ ሰውዬው ዓሣው ሲወጋው ሊለቀው ሲል፣ ግን ሳይለቀው ሣለችው። ሲከራከሩ ምሳው ቀዘቀዘ። ምትኬ ከሄደች በኋላ ኤፍራታ ሥዕሉን ነጥቡ ሥር አቆመችው።

ድምፁ ዝም አለ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። በአራተኛው ደቂቃ ላይ «ቁጥር ስምንት፤ በከፊል» አለ።

ኤፍራታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «በከፊል» የሚል ቃል ከቀዳሚ ሰምታ አታውቅም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ስምንተኛ ሥዕል ሄደች። ጀልባው አለ፣ ሰውዬውም አለ፣ ዓሣው አለ። የዓሣው እሾህ ግን ተኝቷል፤ የሰውዬው ፊት የተረጋጋ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ገባት። ቀዳሚ ያነበባት በሩ በተዘጋ ነጭ ክፍል ውስጥ፣ ሰባት ቀን ብቻዋን ስትሥል ነው። እሷ ግን ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ታፔላ ስትሥል አንድም ቀን ብቻዋን ሆና አታውቅም። ባለ ሥጋ ቤቱ ከኋላዋ ቆሞ የበሬው ቀንድ አነሰ ይላል፤ ሚስቱ በሬው ከሳ ትላለች፤ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ይሄ በሬ ነው ወይስ ላም ብሎ ይስቃል። እሷ ሁሉንም ትሰማለች፣ ከሁሉም ትጣላለች፣ መጨረሻ ላይ ማንም ያላሰበው በሬ ይወጣል።

በማግስቱ ጠዋት ሜላት ቢሮ ሄደች።

«ከግቢ ውጭ መሥራት እፈልጋለሁ። ዓሣ ማውጫው ጋ።»

ሜላት ደንቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችው። ሥዕሉ በነዋሪው እጅ መሠራት አለበት ይላል። የት ግን አይልም።

«እዚያ ሰው ይበዛል» አለች።

«ለሱ ነው።»

ሜላት እጆቿን ከኪሷ አወጣች። ኤፍራታ ጣቶቿን ያየቻቸው ያን ቀን ነው፤ የሠዓሊ ጣቶች ነበሩ። «የኔ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነበር» አለች ሜላት። «ከስምንት ዓመት በፊት ሁሉንም ፈርሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ልሥል ስል ቁጥሩ ይታየኛል።» ወረቀቱን ፈርማ ሰጠቻት። «ኮምፔርሳቶ ከመጋዘን ይውሰዱ። ትልቁን።»

አራት ሜትር የሚረዝመውን ኮምፔርሳቶ በጋሪ አስጭና ዓሣ ማውጫው ድረስ ወሰደችው። ከጀልባዎቹ ፊት ለፊት፣ ሴቶቹ ዓሣ ከሚያጸዱበት ጠረጴዛ አጠገብ፣ ከሁለት እንጨት ጋር አሰረችው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያውን ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰዎቹ ከሩቅ አዩዋት። ስክሪን ላይ እንጂ በእጁ የሚሥል ሰው ካዩ ብዙ ዘመናቸው ነው። እሷም አልጠራቻቸውም። ሐይቁን ሣለች፣ ጀልባዎቹን ጀመረች። እኩለ ቀን ሳይሆን አንዱ አስጋሪ ጠጋ ብሎ፣

«ያ ጀልባ የማን ነው?» አለ።

«የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ጀልባ እዚህ የለም» አለ ሰውዬው።

በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዝምታ አልነበረም። የጀልባው መቅዘፊያ በየት በኩል እንደሚታሰር ተከራከሩ። ጭጋጉ ጠዋት ከየት እንደሚነሣ ተከራከሩ። ሴቶቹ፣ ወንዶቹን ብቻ ነው የምትሥዪው ወይ፣ ዓሣውን የሚያጸዳው ማን ነው አሏት። ምትኬ በዕረፍቷ ቀን መጥታ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ተከራከረች። ኤፍራታ የተባለችውን አንዳንዱን ሰማች፣ አንዳንዱን እንቢ አለች፤ የሣለችውን እየደመሰሰች ደግማ ሣለች። በእጇ ላይ የነበረው ክብደት መቼ እንደለቀቃት አላወቀችም። ሐምሌ ገብቶ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ዘርግተውላት ከላስቲኩ ሥር ገብተው ይከራከራሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሶፎንያስ መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ነበር። ሰዓታት ቆሞ ሲያይ ከዋለ በኋላ፣ «ቀለም ልበጥብጥልዎት?» አላት። ሰጠችው። የመጀመሪያው አረንጓዴ ቀጠነበት፤ ሴቶቹ ሳቁበት። ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ፤ አርብ ቀን ጫማውን አውልቆ ነበር የሚሠራው።

ላሚሶ የሚባሉ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው አስጋሪ ነበሩ። በየቀኑ ከሥዕሉ አሥር እርምጃ ርቀው መረባቸውን ይጠግናሉ። ሁሉም ሲናገር አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩም። ኤፍራታ የማጽጃውን ጠረጴዛና በዙሪያው ያሉትን ሴቶች ሣለች፤ ሴቶቹ አንዷን በአቋቋሟ፣ አንዷን በሻርፗ፣ አንዷን በወለቀ ጥርሷ እየለዩ ሲስቁ፣ ላሚሶ መረባቸውን አስቀምጠው መጡ።

«ዘነበችን ረሳችኋት» አሉ።

ዘነበች የላሚሶ ሚስት ነበረች። አምና በጥቅምት ነው የሞተችው። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ቆማ ዓሣ አጽድታለች። የሠፈሩ ሰው ካሜራ ፊት መቆም አትወድም ነበር ይላል፤ ደህና ፎቶ የላትም።

«አላውቃትም፣ ጋሽ ላሚሶ» አለች ኤፍራታ።

«እኔ አውቃታለሁ» አሉ።

ተቀምጠው ነገሯት። ግራኝ ነበረች። ቢላዋውን ከታች ወደ ላይ ነበር የምትስበው። ነፋስ ስለማትወድ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ትቆማለች። ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ቁም ነገረኛ። «አትስቅም ነበር» አሉ ላሚሶ።

ከሴቶቹ አንዷ አፏን በመዳፏ ያዘች። ሌላዋ ግን አልቻለችም።

«እርስዎ ፊት ነው የማትስቀው» አለች። «እርስዎ ከሌሉማ ይሄ ጠረጴዛ በሷ ሳቅ ነበር የሚውለው። የሁላችንንም ባል ድምፅ እያስመሰለች፣ ሆዳችንን እስኪያመን። የእርስዎንም ጭምር።»

«የኔንም?»

«"ዘነበች፣ መረቡ የታለ" እያለች።» ሴትዮዋ በወፍራም ድምፅ አስመሰለችው።

ሁሉም ላሚሶን አዩ። «አላውቅም ነበር» አሉ ላሚሶ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

ኤፍራታ አምስት ቀን ዘነበችን ሣለች። ስትሥል ሴቶቹ፣ ጉንጯ ሰፊ ነው፣ ኧረ ጠባብ ነው፤ ቁመቷ ረዥም ነው፣ ጎንበስ ስለምትል አይታወቅም እያሉ አላሳረፏትም። ሁሉንም ሰማች። አምስት ጊዜ ደመሰሰች። በስድስተኛው ፊት ላይ ብሩሿን አነሣችና ወደ ኋላ ሄደች። ክርክሩ በራሱ ቆመ።

ላሚሶ መጥተው ቆሙ። በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ቢላዋዋን በግራ እጇ ይዛለች። ከአፍታ በፊት ስትስቅ ነበር፤ ባሏ በዳርቻው በኩል ሲመጣ አይታ ሳቋን እየከተተች ናት። ከንፈሯ ተከድኗል፤ ዓይኗ ግን ገና አልተከደነም።

«እሷ አይደለችም» አሉ ላሚሶ። «ግን ታውቀኛለች።»

ኮፍያቸውን አውልቀው እዚያው ቆመው ቀሩ። ሶፎንያስ የያዘውን ቀለም ማስቀመጥ ረስቶ በእጁ ላይ ፈሰሰ።

የመዝጊያው ቀን ሐምሌ ሃያ ስምንት ነበር። ከከተማው የተጋበዙ እንግዶች፣ የኮሚቴው አባላት፣ ነዋሪዎቹ ሁሉ ፊርማ አዳራሽ ተሰበሰቡ። አስጋሪዎቹ አልተጋበዙም፤ ግን ኮምፔርሳቶውን ተሸክመው ያመጡት እነሱ ስለሆኑ የሚያስወጣቸው አልተገኘም። በእርጥብ ቦቲያቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አዳራሹ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

ሥዕሉ ነጥቡ ሥር ተደገፈ። ሜላት ለቀዳሚ ጥያቄውን አቀረበች።

መልስ አልመጣም። እንግዶቹ አንድ ደቂቃ ያህል በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። አምስት ደቂቃ አለፈ። ምትኬ የኤፍራታን ክንድ ያዘች። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኢዮስያስ ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ድምፁ መጣ፤ እንደ ሁልጊዜው ለስላሳ ነበር።

«አልተገኘም።»

ቃሉ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰው ምን እንደሚደረግበት አላወቀም። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ ኢዮስያስ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደንብ ይወዳሉ።

«አንድ ጥያቄ አለ» አሉ። «ይህ ሥዕል በብዙ ሰው አፍ የተነገረ ነው። የነዋሪዋ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል?»

«ብሩሹን ሌላ ሰው አልነካውም» አለ ሶፎንያስ። «ከመጣሁ ወዲህ በየቀኑ ነበርኩ።»

«ስለ እጅ አልጠየቅኩም። ስለ ሐሳቡ ነው።»

ላሚሶ ከግድግዳው ተነሥተው ወደ ፊት መጡ። በየእርምጃው ቦቲያቸው ወለሉ ላይ ውሃ ይተዋል።

«ጌታዬ» አሉ፣ «እኔ ሚስቴ አትስቅም ብዬ ነገርኳት። ሴቶቹ ትስቃለች አሉ። እዚህ ያለችውን ግን ከመሐላችን የነገራት የለም። እኔ አላውቃትም ነበር፤ እነሱም ይቺን ዓይን አላዩም፤ እኔ ስመጣ እኔን ነበር የሚያዩት። ይህን ያየችው እሷ ናት፤ ሚስቴን አንድ ቀን ሳታያት።»

አቶ ኢዮስያስ ወደ ሥዕሉ ዞሩ። እስከዚያ ድረስ በትክክል አላዩትም ነበር። ቀረብ ብለው የሴትዮዋን ፊት ተመለከቱ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው ተመለከቱ።

«ይመዝገብ» አሉ።

ሜላት ማኅተሙን ስትመታ ከግድግዳው ሥር እልልታው ተነሣ። የተጋበዙት እንግዶች ዘግይተው ተከተሉ፤ አንዳንዶቹ የሚያጨበጭቡት ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው፣ ግን ከልባቸው አጨበጨቡ። በዚያች ሰዓት ታች ሕንፃ ውስጥ አርባ አንዱ ከመዝገብ ወጡ፤ ሸራዎቹ ተፍቀው ነጭ እንዲሆኑ ታዘዘ።

ሶፎንያስ እጁን አወጣ። «እኔ እስከ ዘጠኝ መቶ ፈርሜያለሁ» አለ። «ያ አልፏል። ቀሪውን አልፈርምም። ፈቃዱ ይቅርብኝ፣ ለሚመጣው ዓመት እንደገና አመለክታለሁ። ከዓሣ ማውጫው ሆኜ።» ከእሱ ቀጥሎ ስምንት መቶ ሰባ የተባለችው ልጅ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሌላው። ኮሚቴው ይህን የሚመለከት አንቀጽ ፈልጎ ስላጣ፣ ስብሰባውን ለነሐሴ ቀጠረ። በነሐሴው ስብሰባ ነጩ ክፍል በሩ እንዲከፈት ተወሰነ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዘችው ሜላት ናት፤ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሠራቻት ትንሽ ወፍ እስካሁን ትታያለች።

ያን ቀን ግን ገና አንድ ቅጽ ይቀር ነበር። ፈቃዱን የሚሰጠው ወጣት ሠራተኛ ስክሪኑን ዘርግቶ ጠየቃት።

«የሚቀጥለው ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች ኤፍራታ።

ሠራተኛው የምርጫዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለገ። «"አላውቅም" የሚል የለም» አለ።

«በእጅ ጻፍላት» አለች ሜላት፣ ከኋላው። ልጁ ወረቀት ፈልጎ አመጣና እየተጠነቀቀ ጻፈው። ኤፍራታ ያንን ወረቀት ፈረመች። በማዕከሉ የፈረመችው እሱን ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዓሣ ማውጫው አጠገብ ባለው የበረዶ ቤት ትልቅ ግድግዳ ፊት መሰላል ተተከለ። ግድግዳው መንገድ የሚያየው ነው። ፈቃዷ በፕላስቲክ ተሸፍኖ በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ፖሊሱ አይቶት ሰላም ብሏት አለፈ። ሶፎንያስ ጣሳዎቹን ከፈተ። ጀልባዎቹ ገብተው ነበር፤ ሴቶቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው መጡ፤ ላሚሶ መረባቸውን በትከሻቸው ላይ እንደጣሉ መጡ፤ አባ ኮዳዎቹ ሳይቀሩ ጠጋ አሉ። ግድግዳው እርጥብ ኖራ ነበር፤ ነጭ፣ ሰፊ፣ ምንም ያልነካው። ኤፍራታ መሰላሉን ወጥታ ብሩሿን ነከረች። ከዚያ ወደ ታች ዞር ብላ፣

«እሺ፤ ማን ነው የሚጀምረው?» አለቻቸው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።